የለመዱትን መስኮት ስለ መለወጥ

ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ ወደ ደብረ ሲና የሚወርድ መንገደኛ ጣርማ በር በደረሰ ጊዜ ሁለት ነገር ያገኛል። አንደኛው ጣልያን አገራችንን በወረራ በያዘበት ዘመን ተራራውን ፈልፍሎ ያወጣው፤ ርዝመቱም ከግማሽ ኪሎ ሜትር የሚበልጠው የመኪና ዋሻ ነው። ሁለተኛው በዚያው አካባቢ በገደሉ አፋፍ ላይ የሚገኘው የምኒልክ መስኮት የተባለው ሥፍራ ነው። ጉሙ በተገለጠ ጊዜ ከዚያ ቆሞ ወደ ምሥራቅ የሚመለከት ሰው የይፋትን ቆላ ከእግሩ በታች ተዘርግቶ ያየዋል። ከ3 ሺሕ ሜትር በላይ ከሆነው ብርድ ወደ 1 ሺሕ 300 ሜትር ገደማ ወደ ሆነው የሸዋ ሮቢት ሙቀት ለመውረድ በመኪና የሚፈጀው ጊዜ ብዙ አይደለም። በዚያም መስኮት የሚመለከት ሁሉ፤ ሰውም ቢሆን በአፋፉ ላይ ሣር የሚነጨው ጭላዳም ቢሆን፤ ሮቢትን ትናንት ከነበረችበት ቦታ ዛሬም ያገኛታል።

ይህን ያነሣነው ስለ ተራራ ለመጻፍ አይደለም። በየመሥሪያ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠው ኮምፒዩተር አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራበት፤ ማይክሮሶፍት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የሚያወጣው ዊንዶውስ የሚባለው ሥርዓት ስሙ ሲተረጐም መስኮቶች ማለት ስለ ሆነ ነው። ዳሩ ግን በዚህኛው መስኮት የሚመለከት ጸሐፊ በየጥቂት ዓመቱ ሮቢትን ከቦታዋ ያጣታል።

ከጥቂት ወራት በፊት በዚያው ቆላ ከሚገኙት ከተሞች በአንደኛው፤ ስሙን መጥቀስ በማያስፈልግ መሥሪያ ቤት ውስጥ፤ ተራ ስንጠብቅ ያየነውን እንናገር። ከፊታችን የነበሩት ሰው የመሬት ይዞታ ደብተራቸውን በፌስታል ጠቅልለው የያዙ፤ ከሩቅ ቀበሌ በእግር ጉዞ ጀምረው የመጡ ሽማግሌ ባላገር ነበሩ። የፈለጉትም ገጹ አንድ የሆነ የማስረጃ ደብዳቤ ብቻ ነበረ። ጸሐፊዋ በሥራዋ ብዙ ዓመት የቆየች፤ እጅዋ ከኪቦርዱ ጋራ የተዋወቀ ብርቱ ሴት ናት። ነገር ግን በዚያ ሳምንት አሮጌው ኮምፒዩተር ተነሥቶ አዲስ ተተክቶላት ነበርና እንደ ልማዷ ማውሱን ወደ ታችኛው ግራ ማዕዘን ብትወስደው የሥራዋ በር በመከፈት ፈንታ የአየር ጠባይና የሩቅ አገር ወሬ የሞላበት ሰሌዳ ተዘረጋባት። ዘጋችው፤ ደግማ ወሰደችው፤ ደግሞ ተዘረጋ። ሽማግሌው «ልጄ፤ መኪናው እንዳያመልጠኝ» ቢሏት፤ «አባቴ፤ ጥቂት ይታገሡኝ፤ ቤቱ ያው ነው፤ በሩን ነው ያዛወሩብኝ» ብላ መለሰችላቸው። እኛም ስለዚህ ጉዳይ ከሚጻፈው ረጅም ትንታኔ ይልቅ ይህች ቃል ነገሩን የምትገልጠው መሰለን።

በሩ የነበረበትን ቦታና የተዛወረበትን ዘመን በቅደም ተከተል መናገር ለነገሩ ብርሃን ይሰጣል። ዘመኑንም በእኛው አቆጣጠር እንጽፋለን። ነሐሴ 18 ቀን 1987 ዓ.ም. ዊንዶውስ 95 በወጣ ጊዜ «ስታርት» የሚል ቃል የተጻፈበት ቁልፍ በገጹ ታችኛ ግራ ማዕዘን ተቀመጠ፤ ትርጓሜውም ጀምር ማለት ነው። በ1994 ዓ.ም. ኤክስፒ የተባለው ሲወጣ ቀለሙ ተለወጠ እንጂ ቦታው አልተነቃነቀም። 17 ዓመት ያህል በዚህ ሁኔታ ከቆየ በኋላ ጥቅምት 16 ቀን 2005 ዓ.ም. ዊንዶውስ 8 በወጣ ጊዜ ቁልፉ ከማዕዘኑ ጠፋ፤ ዝርዝሩም ተነሥቶ ገጹን ሁሉ የሚሞላ ባለ ብዙ ቀለም ሰሌዳ ተተካ። ይህ ያለ ምክንያት የተደረገ አይደለም፤ በዚያን ጊዜ በጣት የሚነኩት መሣሪያዎች ገበያውን እየያዙት ስለ ነበር ኩባንያው አንዱን መልክ ለሁለቱም ለማዋል አስቦ ነው። ነገር ግን በጸሐፊው ጠረጴዛ ላይ ያለው ኮምፒዩተር አብዛኛውን ጊዜ በጣት የሚነካ አልነበረም። የተጠቃሚው ቅሬታ ብርቱ ስለ ሆነም ዓመት ሳይሞላው በጥቅምት ወር 2006 ዓ.ም. ኩባንያው ቁልፉን ወደ ቦታው መለሰ፤ በሐምሌ ወር 2007 ዓ.ም. ዊንዶውስ 10 ሲወጣ ደግሞ ዝርዝሩ ራሱ ተመለሰ። ሰው ሁሉ አሁንስ ዐረፍን ሲል በመስከረም ወር 2014 ዓ.ም. የወጣው ዊንዶውስ 11 ቁልፉን ከግራ ማዕዘን ነቅሎ ወደ መካከል ወሰደው። በዚሁ በ11ኛው ላይ ፋይል ለመቅዳትና ለማጥፋት በቃል ተጽፎ የነበረው ትእዛዝ ቃል የሌለው ትንሽ ሥዕል ሆነ፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ግን ኩባንያው ራሱ ከሥዕሉ በታች ቃሉን መልሶ ጻፈበት። አንድ ሠራተኛ ሥራውን አፍርሶ፤ እንደ ነበረ መልሶ፤ ስለ ሁለቱም ደመወዝ የሚቀበልበት ሥራ በሌላ ቦታ አላየንም።

በጽሕፈቱም ሥራ እንዲሁ ነው። በጥር ወር 1999 ዓ.ም. ኦፊስ 2007 ሲወጣ «ፋይል»፤ «ኤዲት»፤ «ቪው» እየተባለ በተርታ ይነበብ የነበረው ዝርዝር ተነሥቶ ሪበን በሚባል ሰፊ የሥዕል መደዳ ተተካ። በዚህኛውስ ላይ ሙሉ ወቀሳ አናደርግም፤ ከጊዜ ብዛት ብዙ ሰው ለምዶታል፤ አንዳንዱም ወዶታል። ዳሩ ግን ሰው ለመልመድ ያጠፋውን ሰዓት የቈጠረለት የለም።

ምናልባት አንዳንድ አንባቢ «ይህ የሥራ ፈት ጩኸት ነው፤ በአውሮፓና በአሜሪካ ያለው ሠራተኛ ይኸንኑ ለውጥ ተቀብሎ ይሠራ የለም ወይ፤ የእኛስ ሰው አዲሱን ቢማር ምን ይጐዳዋል» ይል ይሆናል። ለዚህ የምንሰጠው መልስ አንድ ነው፤ የጽሑፋችንም ዋና ነገር ይኸው ነው። እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻ ቋንቋው የሆነ ሰው የፈለገው ትእዛዝ ከቦታው ቢዛወርበት ገጹን አንብቦ ያገኘዋል። የእኛ ጸሐፊ ግን ከብዙዎቹ ቃላት ጋራ የተዋወቀው በንባብ ሳይሆን በቦታ ነው። ከግራ ሦስተኛው፤ ከላይ አራተኛው፤ ከመስመሩ በታች ያለው እያለ ሥራውን በእጁ አጥንቶታል። ይህም ዕውቀት እንጂ ድንቍርና አይደለም፤ ዜማ የሚያውቅ ሰው መቋሚያውን መቼ እንደሚያነሣ ሳያስብ እንደሚያነሣው ማለት ነው። ስለዚህ አንድ ቁልፍ ከግራ ወደ መካከል ሲዛወር በሲያትል ከተማ ላለው ሠራተኛ የአንድ ቀን ቅርታ፤ በቆላው ከተማ ላለችው ጸሐፊ ግን የሳምንታት መሰናክል ይሆናል። የሥርዓቱ ቃላት ወደ አማርኛ ተተርጕመው የቀረቡበት ጊዜም ነበረ፤ ነገር ግን በየመሥሪያ ቤቱ እንዳየነው ብዙው ሰው በእንግሊዝኛው መልክ ቀርቷል፤ እጁ የለመደው እርሱን ነበርና።

ለሊቃውንትና ለካህናት አንባቢዎቻችን የበለጠ የሚቀርበው ደግሞ የፊደሉ ጉዳይ ነው። ኢንጂነር አያና ብሩ ከ200 የሚበልጡትን የፊደል መልኮች በጥቂት ቁልፎች ላይ ለማውጣት ስለ አማርኛ የጽሕፈት መኪና የደከሙት ድካም የታወቀ ነው። በዚያ መኪና ጣታቸውን ያሠለጠኑ ጸሐፊዎች ኮምፒዩተር በመጣ ጊዜ ልማዳቸውን ጥለው እንደገና ተማሩ። ከዚያም ፓወር ግዕዝ በተባለው መጻፊያ ብዙው ሰው ለመደ። ዛሬ ደግሞ ከዊንዶውስ ጋራ አብሮ የሚመጣው የአማርኛ ኪቦርድ አለ፤ በስልክ የሚጻፍበትም ሌላ አለ። ለየአንዳንዱም የፊደሉ አቀማመጥ የራሱ ነው። ለ እና መ ከሁሉም ዘንድ በቀላሉ ይገኛሉ፤ ሠ፤ ኀ፤ ዐ እና ፀ የሚገኙበት መንገድ ግን ከአንዱ ወደ አንዱ ይለያያል። እንግዲህ ተራ የሚጠብቅ ሕዝብ በፊቱ የቆመበት ጸሐፊ ሠ የነበረበትን ቦታ ባጣው ጊዜ ምን ያደርጋል? ሰ ብሎ ያልፋል። ንጉሥ በሰ ተጻፈ፤ ሥራ በሰ ተጻፈ ብለን ጸሐፊውን ስንወቅስ ኖረናል፤ ከጥፋቱ ግን ከፊሉ የቁልፉ መዛወር መሆኑን አላሰብንም።

በእኛ ዘንድ መሣሪያው ሲለወጥ መልኩ የተጠበቀበት መልካም ምሳሌ ሳይኖር የቀረ አይደለም። ዳዊት በብራና በእጅ ሲጻፍ የነበረ መጽሐፍ ነው። መዝሙሩ፤ መሐልየ ነቢያቱ፤ መሐልየ መሐልዩ፤ ውዳሴ ማርያሙና አንቀጸ ብርሃኑ በታወቀ ተራ ይከታተሉ ነበር። በማተሚያ መኪና መታተም በጀመረ ጊዜ ብራናው ወረቀት ሆነ፤ ብርዑ እርሳስ ሆነ፤ ቀለሙም የፋብሪካ ሆነ፤ ተራው ግን በቦታው ቆየ። በብራናው ያደገ ካህን የታተመውን በተቀበለ ቀን ጸሎቱን ሳያቋርጥ ደገመበት። ዳዊትን ያተመ ሰው «ውዳሴ ማርያምን ወደ መካከል ባደርገው ለዓይን ያምራል» ብሎ ቢያዛውረው ኖሮ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ምን ይባል እንደ ነበረ መገመት አያስቸግርም።

የሆነ ሆኖ አሮጌ ነገር ሁሉ ይጠበቅ ማለታችን እንዳልሆነ አንባቢ ያስተውልልን። ከውስጥ የሚደረገው ለውጥ የግድ ነው። ለኤክስፒ ይደረግ የነበረው የደኅንነት ጥገና መጋቢት 30 ቀን 2006 ዓ.ም. አብቅቷል፤ ከዚያ በኋላም በእርሱ የቆየ መሥሪያ ቤት በሩን ክፍት ጥሎ እንደሚያድር ቤት ነው። በግንቦት ወር 2009 ዓ.ም. ዋናክራይ የተባለው ተውሳክ በዓለም ላይ በተሠራጨ ጊዜ በእንግሊዝ አገር ብዙ ሆስፒታሎች ሥራቸው ታወከ። ለዚህ ደዌ የሚሆነው ጥገና ከሁለት ወር በፊት ወጥቶ ሳለ ያላገኙት ኮምፒዩተሮች ናቸው የተያዙት። የእኛም ፊደል ቢሆን እንዲሁ ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1999 ዓ.ም. ዩኒኮድ የተባለው የዓለም ፊደላት መዝገብ 345 የግዕዝ ፊደላትንና ምልክቶችን በተቀበለ ጊዜ ለእያንዳንዱ ፊደል በዓለም ሁሉ አንድ የሆነ ቍጥር ተሰጠው። ከዚያ በፊት በነበሩት የፊደል ቅርጾች የተጻፈ ደብዳቤ ያ ቅርጽ በሌለበት ኮምፒዩተር ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ክምር ሆኖ ይታያል፤ እስከ ዛሬም በየመዝገብ ቤቱ እንዲህ ያለ ፋይል አይጠፋም። ከዚያ ወደ ዩኒኮድ መሻገር ድካም ነበረው፤ ዋጋው ግን ከድካሙ በለጠ፤ የተጻፈው ነገር ሳይጠፋ እንዲነበብ አድርጓልና። እኛ የምንነቅፈው ሌላውን ነው፤ ይኸውም የቤቱ መሠረትና ቁልፍ በታደሰ ቁጥር ያለ ምክንያት በሩን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ማዛወር ነው።

ደግሞም ልማድን መለወጥ የግድ በሆነ ጊዜ የሚለወጥበት ሥርዓት አለው። የስዊድን መንግሥት ሕዝቡ በመንገድ ግራ መንዳቱን ትቶ በቀኝ እንዲነዳ በወሰነ ጊዜ አራት ዓመት ያህል ሲዘጋጅ ቆይቶ፤ ለሕዝቡ አስተምሮ፤ ምልክቱን ሁሉ አቁሞ፤ ነሐሴ 28 ቀን 1959 ዓ.ም. በእሑድ ንጋት ለወጠው። አገራችንም ከግራ ወደ ቀኝ የተዛወረችው ከስዊድን ቀድማ በ1956 ዓ.ም. ነው። የአንድ አገር መንገድ እንዲህ በጥንቃቄ የሚለወጥ ከሆነ በብዙ ሺሕ ጠረጴዛ ላይ ያለው የሥራ መንገድ ሰኞ ጧት ጸሐፊው ሲገባ ተለውጦ የሚገኝበት ምክንያት አይታየንም።

ይህን ነገር ዛሬ ማንሣታችን ጊዜው ስለ ሆነ ነው። ለዊንዶውስ 10 በነጻ ይሰጥ የነበረው ጥገና ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ገንዘብ የሚከፍሉ መሥሪያ ቤቶች እስከ ሦስት ዓመት ድረስ ጥገናውን ሊያገኙ ይችላሉ፤ ከዚያ በኋላ ግን እርሱም ይቀራል። 11ኛው ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የምስጢር መጠበቂያ ክፍል ስለሚጠይቅ ብዙ ደኅና ሆነው ሲሠሩ የነበሩ ኮምፒዩተሮች አይቀበሉትም። ስለዚህ በየክልሉና በየወረዳው አዲስ ኮምፒዩተር መግዛት የማይቀር ነገር ሆኗል። የግዢ ኮሚቴዎች የማስታወሻውን መጠንና የዋጋውን ልክ በጥንቃቄ ይመረምራሉ፤ ጸሐፊው በሚያገኘው መልክ ላይ ግን አንድም ጥያቄ ሲያነሡ አንሰማም።

ሊደረግ የሚገባው ነገር ከባድ አይደለም። በ11ኛው ዊንዶውስ ላይ የስታርቱን ቁልፍ ከመካከል ወደ ግራ መመለስ፤ የወሬውንም ሰሌዳ ማጥፋት በራሱ በሥርዓቱ ማስተካከያ ውስጥ የተፈቀደ ነው። የኮምፒዩተር ባለሙያው አዲሱን መሣሪያ ከካርቶን አውጥቶ ለጸሐፊው ከማስረከቡ በፊት ይህን ቢያደርግ፤ ጸሐፊው የለመደውን የአማርኛ መጻፊያ ቢጭንለት፤ ፋይሎቹንም በነበሩበት ስምና ተራ ቢያስቀምጥለት ብዙ ችግር ይቃለላል። ለሁሉም አንድ ዓይነት የአማርኛ ኪቦርድ እንዲሆን ቢያስፈልግም አንዱ ተመርጦ፤ ትምህርት ተሰጥቶበት፤ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት እንዳይነካ ይሁን። በዓለም ላይም የለመዱትን መልክ መጠበቅ የሚቻል መሆኑን ያሳዩ አሉ። በ2003 ዓ.ም. ግኖም የተባለው ለሊኑክስ የሚሆን የገጽ ሥርዓት መልኩን ፈጽሞ በለወጠ ጊዜ በአርጀንቲና የሚኖር አንድ ተጠቃሚ የቀድሞውን ሥራ ወስዶ እንዳለ ማስቀጠል ጀመረ፤ በአገሩ እንደ ሻይ በሚጠጣው ቅጠል ስምም ማቴ ብሎ ሰየመው። ውስጡ እየታደሰ፤ ፊቱ ግን የቀድሞውን እየመሰለ እስከ ዛሬ ድረስ በብዙ ሰዎች ይሠራበታል፤ ገንዘብም አይከፈልበትም። መንግሥት ዊንዶውስን ይተው አንልም፤ ሻጩ «ከዚህ በቀር ሌላ የለም» ሲል ግን መልስ የሌለው ሰው እንዳይሆን እንወዳለን።

አዲስ መልክ የሚወድ ወጣት ሠራተኛ ካለም እርሱ እንደ ወደደው ያድርግ። ባለው ነገር ሲሠራ የኖረውን ሰው ግን ስለ ኋላ ቀርነቱ መገሠጹ ይቅር፤ ሥራውን የሚያውቀው እርሱ ነውና።

ወደ ቆላው ከተማ ስንመለስ፤ የዚያን ዕለት የማስረጃው ደብዳቤ የታተመው ወደ ማምሻው ነው። ሽማግሌው ተቀብለው፤ መርቀው ሄዱ። ከመነኻሪያው ሲደርሱ ግን ወደ ቀበሌአቸው የሚያደርሳቸው የመጨረሻው መኪና ወጥቶ ስለ ነበር ያን ሌሊት በከተማው ከዘመድ ቤት አደሩ። በማግሥቱ አንድ ወጣት የመሥሪያ ቤቱ ሠራተኛ መጥቶ የጸሐፊዋን ቁልፍ ወደ ግራው ማዕዘን መለሰላት። ከጎኑ ቆመን ስናይ ሥራው አንድ ደቂቃ ያህል ፈጀበት።